የአባታችን ድምፅ፦ በፍላክ ወይስ በኤምፒ3?



በብዙዎቻችን ቤት ቁምሳጥን ላይ ወይም አልጋ ስር በካርቶን የተቀመጠ የድሮ ካሴት አይጠፋም። በእኛ ቤት 23 አሉ። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ወሎ ሳሉ የሰጡት ደርስ፣ ያደረጉት ዱዓና ያሉት መንዙማ ነው የተቀዳባቸው። ሌላ ቅጂ የትም የለም። ዘንድሮ ወደ ኮምፒውተር እንገልብጣቸው ብለን ስንመካከር ከቴፑም ከገመዱም በላይ ያከራከረን አንድ ጥያቄ ነው፦ በምን ዓይነት ፋይል እናስቀምጣቸው?

ታናሽ ወንድማችን "ኤምፒ3 ይበቃል፤ በሁሉም ስልክ ይከፈታል፣ ለዘመድ ለመላክም ይቀላል" አለ። ጅዳ ያለችው እህታችን ደግሞ "ከአባባ ድምፅ ላይ ምንም እንዳይቆረጥ፤ ፍላክ ይሁን" አለች።

ልዩነቱን በአጭሩ እናስረዳ። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ በቁጥር ይጻፋል። የ1 ሰዓት ካሴት እንዲሁ ሲቀመጥ ወደ 635 ሜጋባይት ይሆናል። ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት ይህን ወደ 58 ሜጋባይት ያወርደዋል። የሚያወርደው ግን እየጣለ ነው። ጎላ ያለ ድምፅ በአጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ከጆሯችን ይሸፍነዋል፤ ኤምፒ3 ያንን የተሸፈነውን መርጦ ያስቀረዋል። በ2001 የወጣው ፍላክ ምንም አይጥልም። ልብስን በደንብ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ እንደ መክተት ነው፤ ሲፈታ ያው ልብስ ነው። ኤምፒ3 ግን "ይህንን አትለብሰውም" ብሎ ከፊሉን ቤት ትቶ የሚሄድ ነው።

ክርክሩን በጆሮ ለመፍታት አንዱን ካሴት በፍላክ፣ ከዚያም በ320፣ በ128 እና በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 አዘጋጀን። አንዳችን እያጫወትን ሌሎቻችን ጀርባችንን ሰጥተን ገመትን። ፍላኩን ከ320ው የለየ አልነበረም። ደርሱን በ128 ስንሰማውም ልዩነቱ አልታወቀንም። መንዙማው ላይ ግን 64ቱ ወዲያው ተለየ። ጭብጨባው ተድበስብሶ እንደ ዝናብ ሆነ፤ የድቤው ምትም ሰላላ። እንዲህ ያለ ድንገት የሚመታ ድምፅ ለኤምፒ3 ከሁሉም ይከብደዋል።

በዚህ መሐል እናታችን አንድ ነገር ሰሙ። ከዱዓው ጀርባ፣ በጣም በስሱ፣ ሲኒ ከሲኒ ሲነካካ ይሰማል። "ይህ የእኔ ረከቦት ነው፤ አባታችሁ ዱዓ ሲያደርጉ ቡና እያቀረብኩ ነበር" አሉ። በ320ው ይሰማል፤ በ64ቱ ግን ሲኒው የለም። ኤምፒ3 በጎላው የአባታችን ድምፅ ስር ያለውን ትንሽ ድምፅ "ማንም አይሰማውም" ብሎ ጣለው። እናታችን ግን የሚሰሙት እሱን ነው።

ታዲያ ለቤት ማዳመጫ ወንድማችን እውነት አለው። በስልክና በብሉቱዝ ስፒከር ለሚሰማ ሰው ጥሩ ኤምፒ3 ይበቃዋል፤ ብሉቱዙ ራሱ ድምፁን እንደገና ስለሚያምቀው ፍላክ መሆኑ እዚያ ላይ ብዙም አይጠቅምም።

ለማስቀመጥ ግን እህታችን እውነት አላት። ነገ የካሴቱን ሽሽታ እናጽዳ፣ ከመሐሉ ቆርጠን እናውጣ፣ ወደ ሌላ ፎርማት እንቀይር ማለታችን አይቀርም። ኤምፒ3 ተከፍቶ ተስተካክሎ እንደገና ኤምፒ3 ሆኖ በተቀመጠ ቁጥር ሌላ ነገር ይጣላል። በኋላ ወደ ፍላክ መቀየሩም የጠፋውን አይመልስም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ወደ ካሴቱ ተመልሰን እንቅዳ እንዳንል ደግሞ ክሩ በየዓመቱ እያረጀ ነው። ከ23ቱ ሁለቱ ገና ሲዞሩ ይንጫጫሉ። ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ይጫወቱልን ይሆናል፤ ያ አንድ ጊዜ ሙሉ ሆኖ መቀዳት አለበት።

ስለዚህ ሁለቱንም አደረግን። ዋናው ቅጂ ፍላክ ነው። 23ቱም ካሴቶች ወደ 9 ጊጋባይት ብቻ ናቸው፤ ዛሬ በአንዲት ትንሽ ፍላሽ ይገባሉ። አንዱ ሃርድ ዲስክ አዲስ አበባ፣ ሌላው ጅዳ እህታችን ዘንድ ነው። ማንም አይነካውም፣ አያስተካክለውም። ለመስሚያና ለዘመድ የምንልከው ከእሱ የወጣ የ192 ኪሎቢት ኤምፒ3 ነው። ቢጠፋም ቢበላሽም ከዋናው ሌላ ይወጣል።

ለእናንተም የምንለው ይኸው ነው። የአባት፣ የአያት፣ የሸይኽ ድምፅ እጃችሁ ላይ ካለ አማና ነውና መጀመሪያ ሳይቆረጥ ይቀዳ፤ ማሳነሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለሌላ ስትልኩትም በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላክ። ከስፒከር እያጫወታችሁ በድምፅ መልእክት ከቀዳችሁት የክፍሉ ጫጫታ ይገባበታል፣ እንደገናም ይታመቃል። ካሴቶቹን ደግሞ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከማግኔት አርቁ፤ ከተቀዱም በኋላ አትጣሏቸው።

አላህ ላለፉት ወላጆቻችን ይዘንላቸው፣ ያሉትንም ዕድሜያቸውን ያርዝምልን።