ተርጓሚው ምን አጠፋ?

አንድ ድርጅት ድረ ገጹን በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅቶ የአማርኛው ገጽ ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚደወለው ለተርጓሚው ነው። «የላክኸው አማርኛ አይነበብም» ይባላል። ምስኪኑ ተርጓሚ ፋይሉን ከፍቶ ያያል፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ጽሑፉ የተበላሸው ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። የት እንደተበላሸ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ራሱ ይናገራል።

በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ገጹ ፎንቱን አብሮ እንዲልክ ማድረግ በቂ ነው።

በሳጥኖቹ ፋንታ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» እየደጋገመች ብቅ ካለች ነገሩ ሌላ ነው። ዩኒኮድን በባይት በሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በአማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ዓይነት ነው። ብራውዘሩ ገጹን በድሮው የምዕራብ አውሮፓ ኮድ ሲያነበው ያ ባይት ባለጭረቷ «ኤ» ይሆናል። «ቤት» የሚለው ቃል ስድስት ባዕድ ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ «ኤ»ዋም ሁለቴ ትታያለች። ለዓይን የሚያስፈራው ይኸኛው ነው፤ ግን ባይቶቹ በቦታቸው ስላሉ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውን ኮድ ማሳወቅ ብቻ ይመልሰዋል።

ክፉው የጥያቄ ምልክት ነው። «ቤት» ሁለት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ ብዙ ጊዜ ፊደሎቹ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገቡ ተጥለዋል ማለት ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ከ8ኛው እትሙ በፊት፣ ካልነገሩት በስተቀር፣ ሰንጠረዡን የሚከፍተው ግዕዝን በማያውቅ የላቲን ኮድ ነበር። የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠውን ማንም ባለሙያ መልሶ ፊደል አያደርገውም። የሚያድነው ቀድሞ የተያዘ ቅጂ ነው፤ እሱም ከሌለ ያ የተወቀሰው ተርጓሚ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀረው ፋይል።

ይኸው ዳታቤዝ ሌላም ጉድ አለው። «ዩቲኤፍ-8» ብሎ የሰየመው የቆየ ዓይነቱ ለአንድ ምልክት የሚሰጠው ከ3 ባይት አይበልጥም። አማርኛ ልክክ ብሎ ይገባበታል፣ አብዛኛው ኢሞጂ ግን 4 ይፈልጋል። ስለዚህ ወራት ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ የከረመ ገጽ፣ የበዓል መልካም ምኞት መሐል የአበባ ኢሞጂ ሲገባበት ከአበባው ጀምሮ ያለው ጽሑፍ ሊቆረጥ ይችላል። «ተርጓሚው ግማሹን ብቻ ነው የተረጎመው» የሚለው ክስ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከፊደል ወደ ስያሜ ሲኬድ ደግሞ የባሰ ዝብርቅርቅ አለ። የኢትዮጵያ የአገር ኮድ «ኢቲ» ነው፤ በቋንቋ ኮድ ግን «ኢቲ» የኢስቶኒያ ቋንቋ ነው። የአማርኛ የቋንቋ ኮድ «ኤኤም» ነው፤ በአገር ኮድ «ኤኤም» ማለት አርሜኒያ ነው። ቸኩሎ የአገሩን ኮድ በቋንቋው ቦታ ያስገባ ፕሮግራመር ለጉግል «ይህ ገጽ ለኢስቶኒያኛ ተናጋሪዎች ነው» ብሎ ነግሯል፤ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌርም የኢስቶኒያን ድምፅ ሊመርጥ ይችላል። ከቋንቋ ኮድ ባንዲራ የሚያወጣ ፕሮግራም ደግሞ አማርኛ ከሚለው አጠገብ የአርሜኒያን ባንዲራ ይሰቅላል። ቋንቋ ባንዲራ እንደሌለው ቢታወቅ ኖሮ ይህኛው ባልመጣ ነበር።

አንባቢው ያለበትን አገር አይቶ ቋንቋ የሚመርጥ ድረ ገጽም አለ። ዱባይ ያለችው ኢትዮጵያዊት ሳትጠየቅ አረብኛው ይከፈትላታል። የጉግል መረጃ ሰብሳቢ ሮቦት ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከአሜሪካ ስለሆነ ወደ እንግሊዝኛው ይመራና አማርኛውን ሳያየው ይቀራል። ከዚያ «የአማርኛ ገጻችን ፍለጋ ላይ ለምን አይወጣም?» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል።

ተርጓሚው በእርግጥ ተሳስቶ የሚታይበት ቦታም አለ፤ እዚያም ቢሆን ምክንያቱን ማየት ደግ ነው። ፕሮግራመሩ በእንግሊዝኛው አሰካክ የአንድ ሰው ስም፣ ግሥና «ፎቶ» የሚለውን ቃል ለየብቻ አስቀምጦ ኮዱ እንዲገጣጥማቸው ያደርጋል። ለተርጓሚው ኤክሴል ላይ የሚደርሰው ግሡ ብቻ ነው፤ «ጫነ» ይላል። ገጹ ላይ «አልማዝ ጫነ ፎቶ» የሚል ይወጣል። ግሡ መሐል ገብቷል፣ አልማዝም ወንድ ሆናለች። ዓረፍተ ነገሩ ሙሉውን ተልኮ፣ የስሙ ቦታ ብቻ ክፍት ቢተውለት ኖሮ «በአልማዝ የተጫነ ፎቶ» ብሎ ፆታውንም ቅደም ተከተሉንም ይገላገል ነበር።

አማርኛው መሐል ድንገት የሚበቅለው እንግሊዝኛ ደግሞ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው፤ ፕሮግራሙ ትርጉም ሲያጣ ሳይጮህ እንግሊዝኛውን ይተካል። ጠንቃቃ ቡድኖች ገና ትርጉም ሳይጀመር የሙከራ ፋይል ያዘጋጁና እያንዳንዱን ሐረግ በቅንፍ አስገብተው ገጹን ከዳር እስከ ዳር ያገላብጡታል። ያለ ቅንፍ የተገኘ ሐረግ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ነው፤ ለተርጓሚው የሚላከው ፋይል ውስጥ አልገባም።