የሙቅ ውሃ ነገር በብርድ ወራት

በአውሮፓ አገር ክረምትና ብርድ አንድ ናቸው። በኛ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ግን ክረምት የዝናብ ጊዜ ሲኾን፥ ብርዱ የሚጸናው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በኅዳር፥ በታኅሣሥና በጥር ነው። ስለዚህ በቤቱ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ፥ በተለምዶ ቦይለር የሚባለው፥ ያለው ሰው መሣሪያውን ጥቅምት ሳያልቅ ሊመረምረው ይገባል። እኛ ይህን የተማርነው በምክር ሳይኾን በመከራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደባርቅ ባለው ቤታችን ባለቤታችን በታኅሣሥ ወር በሰላም ተገላገሉ። አማታችንም አራሲቱን ሊጠብቁ ከጃን አሞራ ከመካነ ብርሃን መጡ። በዚያው ሳምንት መብራት ጠፋ፤ የቧንቧውም ውሃ ተቋረጠ። መብራቱ ሲመለስ ደስ ብሎን የማሞቂያውን ማብሪያ ወዲያው አበራን፤ በርሜሉ ግን ባዶ ኖሮ ማሞቂያው ሽቦ ያለ ውሃ ግሎ ተቃጠለ።

ማታ ብርዱ በረታ። ለሕፃኑ መታጠቢያ ውሃ ለማሞቅ ብለን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገባን፤ ነፋስ እንዳይገባም በሩንና መስኮቱን ዘጋን። ጥቂት ቆይቶ ባለቤታችን «ራሴን አመመኝ» አሉ። እኛ የአራስነት ድካም መስሎን ዝም ብንል፥ አማታችን በሩን ከፍተው ምድጃውን ወደ ውጭ አወጡትና «ልጆቼ፥ ፍምና የተዘጋ በር አብረው አያድሩም» አሉን። በውነቱ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ሽታም መልክም የለው፤ ከደም ጋራ ተዋሕዶ ሰውነት ኦክሲጅን እንዳያገኝ ስለሚያደርግ፥ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ከዚያ ወዲህ ከሰል ወደ መኝታ ቤት ከቶ አይገባም።

ባለሙያ መጥቶ ቢፈታው፥ የጥፋቱ ሥር በመግቢያው ቧንቧ ላይ ያለች፥ አርጅታ ያላየናት ትንሽ ቫልቭ ኾና ተገኘች። ይህች ቫልቭ ሁለት ሥራ አላት። አንደኛ፥ ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትርፉን በጠብታ ታስወጣለች፤ ሁለተኛ፥ የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ የበርሜሉ ውሃ ወደ መጣበት እንዳይመለስ ታግዳለች። ብዙ ሰው ጠብታዋን አይቶ ተበላሸች በማለት ይደፍናታል። ይህ በርሜሉን እስከ መፈንዳት የሚያደርስ ትልቅ አደጋ ነውና፥ መለወጥ እንጂ መድፈን አይገባም።

አሁን በቤታችን ያጸናነው ሥርዓት እንዲህ ነው። ውሃ ወይም መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን እናጠፋለን፤ መልሰን ከማብራታችን በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተን ውሃው አየር ሳይቀላቀልበት ሲወርድ እናያለን። በዓመት አንድ ጊዜ፥ በጥቅምት፥ ባለሙያው ኤሌክትሪኩን ከቆረጠ በኋላ ደለሉንና በማሞቂያው ሽቦ ላይ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት ይጠርጋል። በርሜሉን ከዝገት ለማዳን በፈንታው የሚበላውን የማግኒዝየም ዘንግም አይቶ፥ ካለቀ ይለውጣል። በውጭ የሚያልፈውንም ቧንቧ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለን ዝናብ እንዳያርሰው በላስቲክ እንሸፍነዋለን።

ደግሞም በብርድ ወራት ማሞቂያው ቢዘገይ ተበላሸ ብሎ መቸኮል አያስፈልግም። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ የ1,500 ዋት ማሞቂያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ የሚገባው ውሃ 10 ዲግሪ ሲኾን ግን ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል።

የአባታቸው ወገን ከሰሜን መሳፍንት የኾነው እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ፈልገው አዲስ አበባ እንደ ተቈረቈረች አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ያን ውሃ ምድር ራሷ ታሞቀዋለች። የቤታችን ሙቅ ውሃ ግን የሚጠብቀው ሰው ይሻል፤ ጠባቂው ቢዘነጋ ዕዳው የሚወድቀው በቤቱ ጌታ ላይ ሳይኾን በአራሲቱና በሕፃኑ ላይ ነው።