የሌላ ሰው ዝናብ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሰማይ እያየ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። አገሩ ውሃ ጠግቦ አይደለም። የዓመቱ ዝናብ ተደምሮ 150 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላበት ጊዜ አለ፤ ክረምት ከበጋ የሚፈስ አንድም ወንዝ የለም። ግን ገበሬ በሌለበት ከተማ ጥበቃው መልኩን ይለውጣል። እዚህ የሚጠበቀው ቧንቧው ነው፣ ቦቴው ነው፣ መብራቱ ነው፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው ቲማቲምና ሽንኩርት ነው። እነዚህ ሁሉ ዝናብ መሆናቸው የገባኝ ቆይቶ ነው። ዝናቡ የወረደው ሌላ ሰው ደጅ ላይ ነው እንጂ።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እንደ እኔ የመርከብ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ትራንዚተር ሌላ አቆጣጠር ቶሎ አይመጣለትም፤ ይቅር በሉኝ።)

የቆቦ ልጅ ነኝ። ራያ ውስጥ ዝናብ መጠበቅ ማለት ማንጋጠጥ ብቻ አይደለም፣ ስሌት አለው። በልጉ ደህና ከጣለ ሚያዝያ ላይ ማሽላ ይዘራል። ማሽላ ለመድረስ ብዙ ወር ይፈጃል፤ ነገር ግን እህሉ ለሰው፣ አገዳው ለከብት፣ የተረፈው ለማገዶ ስለሚሆን የገበሬው ምኞት እሱ ነው። ግንቦት ከደረቀ ማሽላው ቀረ ማለት ነው፤ ሐምሌ ተጠብቆ ጤፍ ይዘራል። ሐምሌም ከከዳ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መሬቱ በያዘችው እርጥበት ሽምብራ ይጣላል። ከሽምብራ በኋላ የሚጣል ዘር የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው በሬ መሸጥ ነው፤ በሬውን ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ገበያ ስለሚያወጣው ዋጋው የፍየል ይሆናል።

የእኛ አገር ሰው በራሱ ዝናብ ብቻ አይኖርም። በስተ ምዕራብ ካለው ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ያስገባል። ተራራው ላይ ሲጠቁር፣ ቆላው አንዲት ጠብታ ሳያይ፣ ሰዉ አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ተራው የማን እንደሆነ ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ያውቃል። ሌሊት ቢሆንም ይወጣል፤ ጎርፍ ቀጠሮ የለውም። በልጅነቴ ሜዳው ላይ ሳይዘንብ ማሳችን ጭቃ ሆኖ ሲያድር ምንም አይደንቀኝም ነበር። የሌላ ሰው ዝናብ መጠጣትን የለመድኩት ከዚያ ነው መሰለኝ።

ክረምት በገባ ቁጥር ከአባቴ ጋር በስልክ የምናወራው አንድ ዓይነት ነው።

«አባባ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ደመናው ይሰበሰባል፣ ነፋስ መጥቶ ይበትነዋል። አንተ ጋስ ልጄ?»

«እዚህ ወቅቱ አይደለም።»

«ሐምሌ ወቅቱ ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?»

እውነቱን ነው፣ ለማስረዳት ይቸግራል። ወሎ ላይ ጭቃ በሚረገጥበት ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አቧራ ይዞ ይነሳል፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፣ ከሰዓት በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል። የባሕሩ ዳር ጥቂቷ ዝናብ የምትመጣው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ነፋሻ ወቅት ነው፤ ከመጣች። በሁለቱ መካከል እየኖርኩ እናት አገሬ ስትረጥብ እኔ እደርቃለሁ፣ እኔ ጋ ሲያካፋ እነሱ ያጭዳሉ።

ከተማዋ ራሷ የተተከለችው ውሃ ተፈልጎ ነው ማለት ይቻላል። ፈረንሳዮች በሌዎንስ ላጋርድ ዘመን፣ በ1888 ገደማ፣ ኦቦክን ትተው ወደዚህ ሲሻገሩ የሳባቸው መልካሙ ወደብ ብቻ አልነበረም፤ ነጋዴዎች የሚያውቁት የአምቡሊ ጉድጓድም ነበር። ያ ዓመት በእኛ ታሪክ ክፉ ቀን የጀመረበት ነው። ደጋው ከብቱን በበሽታ ቀብሮ ዝናብ ጠፍቶበት ሲያልቅ፣ ወደፊት ስንዴውን የሚያመጣለት ወደብ በዚያው ሰሞን ባሕር ዳር መሠረቱ ይጣል ነበር። ያኔ ይህን ማን ያውቃል!

የአምቡሊ ውሃ ለጥቂት ሺህ ሰው ይበቃ ነበር። ከተማው እያደገ፣ ጉድጓዱ እየበዛ፣ የሚወጣው ከሚገባው ሲበልጥ፣ ውሃው ጨው ጨው ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ሳሙና አረፋ አላወጣ ብሎኝ ሳሙናውን ስረግም ነበር። ሰዉ አሁንም ምኒልክ በሚለው አደባባይ አካባቢ ቡና የምታፈላ የድሬዳዋ ልጅ አለች፤ የቧንቧ ውሃ ጀበናዋ ውስጥ አይገባም። «ቡናውን ያበላሽብኛል፣ ደንበኛም ያሸሽብኛል» ትላለች፤ ሃይላንድ ገዝታ ነው የምታፈላው። ባልባላ ዳገቱ ላይ ደግሞ የመስመር ውሃ ያልደረሰው ሰፈር በቦቴና በአህያ ጋሪ በሚመጣ ጀሪካን ይኖራል። ደሃው ውሃውን ከሀብታሙ ይልቅ በውድ ይገዛል። ይህ የጅቡቲ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ አዲስ አበባም አይቼዋለሁ።

በ2017 መስመር መጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲቲ ዞን፣ የድሮው ባቡር ፌርማታ ከነበረችው አዲጋላ አጠገብ፣ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃው ድንበር ተሻግሮ በአሊ ሳቢህ በኩል እዚህ ድረስ ተሳበ። ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቻይና ብድር ወጣበት፤ ሲታቀድ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲሰጥ ነበር። ኢትዮጵያ መሬቱን ለ30 ዓመት ያለ ክፍያ ሰጠች። ለከተማው ትልቅ እፎይታ ነው፤ አልክድም፣ እኔም ጠጥቼዋለሁ።

ግን ጊዜውን ልብ በሉልኝ። የመስመሩ ሥራ የተጀመረው በ2015 ነው። በዚያው ዓመት ኤልኒኞ መጥቶ በልጉም ክረምቱም ከዳ፤ በታኅሣሥ የተረጂው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ደርሷል ተባለ። ድርቁ ቀድሞና ከፍቶ ካጠቃቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ሲቲ ዞን ነበር። የኢሳ አርብቶ አደር በግና ፍየሉን፣ ከዚያም ግመሉን አጣ። ውሃው ከእግሩ ሥር ነበር፤ የእሱ ገመድ ግን እዚያ አይደርስም። የሚደርሰው ፓምፕ ነው፤ ፓምፕ ደግሞ ብድርና ፊርማ ይፈልጋል።

ውሃው ለጅቡቲ መሰጠቱን አልቃወምም። ጎረቤት የተጠማን ጎረቤት ያጠጣል፤ እኛም በዚህ ወደብ ነው የምንተነፍሰው፤ ከገቢና ወጪ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚሁ ነው። የማነሳው ሌላ ነገር ነው። ቧንቧ በደጁ ሲያልፍ የሚያይ አርብቶ አደር ቀድሞ ከውሃው መጠጣት አለበት። ራያ ውስጥ ጎርፍ ሲጠለፍ ከላይ ያለው ማሳ ሳይረካ ወደ ታች አይለቀቅም፤ ታች ያለውም እስከነአካቴው አይከለከልም። ይህን ሕግ የውሃ አባቱ ሳይጻፍለት ያውቀዋል።

የባሕር ውሃስ? ዶራሌ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራው ማጣሪያ በ2021 ተመርቋል፤ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ያጣራል። ጥሩ። ነገር ግን ማጣሪያው መብራት ይበላል፣ መብራቱም ከ2011 ጀምሮ በአብዛኛው የሚመጣው ከኢትዮጵያ ግድቦች ነው። እንግዲህ እንዲህ አስቡት፤ እኔ ኻምሲኑን ያመለጥኩበት ቬንትሌተር የሚሽከረከረው ደጋው ላይ በወረደ ክረምት ነው። በግንቦት 2019 የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ 476 ሜጋዋት ሲጎድል አዲስ አበባ በፈረቃ መብራት ገባች፣ ወደ ጎረቤት አገር የሚሸጠውም ተነካ። ያን ሰሞን ጅቡቲ በራሷ ሰማይ ላይ ደመና አልፈለገችም፤ ደቡብ ኢትዮጵያ ላይ ግን ፈልጋለች፣ ሳታውቀው። በ2023 ግን እዚሁ ጅቡቲ፣ ጉቤት አጠገብ 60 ሜጋዋት የንፋስ ኃይል ተተክሏል። ነፋስ እንኳ የራሷ ነው፣ ማንም አያበድራትም።

ድርቅን በዓይኔ ያየሁት ግን ወደብ ላይ ነው። እኛ ትራንዚተሮች ዝናብ መቅረቱን ከሜትዎሮሎጂ ቀድመን የምናውቅበት መንገድ አለን፤ የመርከብ ዝርዝር። ስንዴ የጫነ መርከብ ሲበዛ የሆነ አገር ማሳ ባዶ ሆኗል። በ2015 መጨረሻ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ገና ሳይመረቅ፣ የኤሌክትሪክ ባቡሩ ሳይጀምር፣ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ እህል ማጓጓዝ ተጀመረ፤ ምረቃው የመጣው በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ነው። በ2016 መጀመሪያ ወራት መርከቦቹ ባሕር ላይ ተሰልፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ስንዴው ከመርከብ ሆድ እየተዛቀ ወደብ ላይ ጆንያ ይሞላል፣ ኩሊው በዚያ ሙቀት ዱቄት መስሎ ይውላል፣ ካሚዮኑ በጋላፊ ድንበር በኩል ይወጣል። ችግሩ ስንዴ ብቻ አለመሆኑ ነበር። ማዳበሪያም በዚያው ወረፋ ላይ ነበር። ስንዴው ከዘገየ ሰው ይራባል፤ ማዳበሪያው ከዘገየ ለሚመጣው ክረምት አይደርስም፣ ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው ይራባል። ያለፈው ክረምት ዕዳና የሚመጣው ክረምት ተስፋ ለአንድ ክሬን ሲጋፉ ያየሁት ያኔ ነው። እዚያ ወረቀቱን የምፈርምለት ጆንያ ቆቦ ይድረስ አይድረስ አላውቅም ነበር። አባቴ በዚያ ዓመት ሁለት በሬ ነበረው፤ አንዱን ሸጠ።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሶማሊያ፣ በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። በ2023 የወጣ የዓለም አቀፍ ሳይንቲስቶች ጥናት እንዲህ ያለው ድርቅ በሰው ሠራሽ ሙቀት ምክንያት የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ 100 እጥፍ ጨምሯል አለ። ግመል ያለው ሰው ለዚያ ሙቀት ያዋጣው ነገር ምን እንደሆነ አስባለሁ። በነሐሴ 2022 መጨረሻ «ብሬቭ ኮማንደር» የምትባል መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ይዛ እዚህ ቆመች፤ ለኢትዮጵያ ድርቅ የተላከ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ነበር። ካሜራ የያዘ ሁሉ ወደብ ወረደ። ጦርነት ካለበት አገር የወጣ ስንዴ ጦርነት ወዳለበት አገር ሲሄድ ማየት ይገርማል፤ ያኔ የእኛም ሰሜን ተኩሱ እንደገና የጀመረበት ሳምንት ነበር፣ ቆቦም የጦርነቱ መንገድ ላይ ናት።

ከመርከቡ በተቃራኒ አቅጣጫ ደግሞ ሰው ይመጣል። ሾፌሮቻችን በዲኪልና በጋላፊ መንገድ ላይ ሕፃናት ባዶ ሃይላንድ እያሳዩ ውሃ ሲለምኑ ለምደውታል፤ ደህና ሾፌር ከከተማው ዳር፣ ከፒኬ 12 ሲነሳ አንድ ተጨማሪ ጀሪካን ይሞላል። በእግራቸው ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን የሚሄዱት ወጣቶች ብዙዎቹ የእኛው ናቸው፤ የወሎ፣ የሐረርጌ፣ የትግራይ። በዚያ ቋጥኝ ላይ ጥም የጣለው ስንት ልጅ አለ። አንዱን ባልባላ ጫፍ አግኝቼው አነጋገሩን ሰምቼ የመርሳ ልጅ መሆኑን አወቅሁ። ለምን እንደወጣ ጠየቅሁት። «ጤፉ ቀረ፣ ሽምብራውም ቀረ» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ዝናብ ሲመጣስ? በኅዳር 2019 መጣ። የሁለት ዓመት የሚሆን ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ነው የተባለው። አምቡሊ፣ ዓመቱን ሙሉ ቆሻሻና ፍየል የሚውልበት ደረቅ አሸዋ፣ ሰውና መኪና ይዞ ሄደ። ቤቶቹ ጣራቸው ጠፍጣፋ ነው፣ ያዘሉትን ውሃ አይለቁም፤ ሰፈሮቹ ከባሕሩ ብዙም ከፍ አይሉም። ጎረቤቴ የኢሳ ሽማግሌ፣ ባለፉት ዓመታት ሮብዶን፣ የዝናብ ጸሎት፣ በተጠራ ቁጥር አደባባይ ወጥተው ከሚሰግዱት አንዱ ናቸው። ፍራሻቸውን ሰቅለው እያደረቁ «ለምነን ነው እኮ» አሉኝ እየሳቁ፤ «ስንት እንደምንፈልግ ግን አልተናገርንም።» እኛም ቤተ ክርስቲያን ምሕላ ስንይዝ እንዲሁ ነን፤ መጠኑን ለእግዜር ትተን ነው የምንለምነው።

እኔን ያናደደኝ ጎርፉ ሳይሆን መድረሻው ነው። ያ ሁሉ ውሃ በሦስት ቀን ቀይ ሆኖ ባሕር ገባ። አባቴና ጓደኞቹ ከላይ ቢሆኑ ኖሮ በአካፋ ብቻ ግማሹን ያስቀሩት ነበር እያልኩ ለራሴ አወራለሁ። ጉራ ነው፣ አውቃለሁ፤ ከተማ ማሳ አይደለም። ቢሆንም ጥም የሚገድለው አገር ሁለት ዓመት ጠብቆ ያገኘውን በሦስት ቀን ሲለቅ ማየት አንጀት ይበላል።

ዘንድሮ ቆቦ ላይ ማሽላው አልተሳካም። ጤፉ በቅሏል፣ ግን ከበቀለ ወዲህ ዝናቡ ቆም ብሏል፤ አባባ ትናንት ማታ የሽምብራ ዘር ዋጋ ነገረኝ፤ ገንዘቡን ነገ እልካለሁ። በአዲጋላ፣ በአይሻና በደወሌ ያላችሁ ካላችሁ፣ እናንተ ጋ የክረምቱ ዝናብ፣ ካራኑ፣ ጣለ ወይ? ጉድጓዶቹ አጠገብ ያሉት ከብቶችስ ከየት ነው የሚጠጡት? የምታውቁ ጻፉልኝ፤ ከማንም በላይ ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ።