ስለ ውድ ራውተር

ኢንተርኔት ከከተማ ኑሮ ጋራ ከተዋሐደ ወዲህ፥ ከመንገድ የመጣውን መሥመር ተቀብሎ ያለ ሽቦ ለስልክና ለኮምፒዩተር የሚያድለው፥ ራውተር የሚባለው ዕቃ በብዙ ቤት ገብቷል። ዋጋውም እንደ ዓይነቱ ነው፤ ርካሹ በመጠነኛ ገንዘብ ሲገኝ፥ ውዱ የአንድ መንግሥት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ይበላል። እኛም የወጥ ቤታችንን ጣራ ለማሳደስ ያጠራቀምነውን አውጥተን ስድስት አንቴና ያለውን ገዛን። ልጃችን በመኝታ ክፍሏ ሆና ትምህርቷን ስትከታተል ምስሉ እየቆመ ስላስቸገራት፥ ለልጅ ትምህርት ምን ይሰሰታል ብለን ነበር።

ዕቃው ከተተከለ በኋላ ግን በሳሎን የነበረው ፍጥነት ቅንጣት ሳይጨምር ቀረ፤ በልጃችንም ክፍል የታየው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ነገሩን ስንመረምረው ምክንያቱን አገኘነው። የተዋዋልነው መሥመር በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚሰጥ ነው፤ የአሮጌው ራውተር አቅም እንኳ ከዚህ በብዙ እጅ ይበልጣል። በቀጭን ቧንቧ ለሚመጣ ውሃ ሰፊ በርሜል ቢደቀንለት ውሃው አይበዛም።

በካርቶኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው 5400 የሚለው ቁጥርም አታሎን ኖሯል። ይህ የሁለት ሞገዶች ድምር ነው፤ 574ቱ የ2.4 ጊጋሄርዝ፥ 4804ቱ የ5 ጊጋሄርዝ ድርሻ ሲሆን፥ ተደምሮ ወደ ላይ ተጠጋግቷል። ስልካችን ግን በአንድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይይዛል፤ ያንኑም በሙሉ አይጠቀምበትም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን የአቀማመጡ ነገር ነው። አሮጌው ራውተር በሳሎኑ ጥግ፥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፥ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጦ ነበር፤ በቤታችን ዳንቴል የማይለብስ ዕቃ የለምና። ከእርሱ እስከ ልጃችን ክፍል ድረስ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የብረት ቁም ሣጥን አለ። የ5 ጊጋሄርዙ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም በግድግዳ ቶሎ ይደክማል፤ የ2.4ቱ ዘገምተኛ ቢሆንም ግድግዳን አልፎ ይሄዳል፤ ብረት ግን ሁለቱንም ይመልሳል። ይህን ከተረዳን በኋላ አሮጌውን ከዳንቴሉ ሥር አውጥተን፥ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገን ሰቀልነው። በማግሥቱ ልጃችን ትምህርቷን ያለ ማቋረጥ ተከታተለች። ወጪውም ሁለት ምስማርና ጥቂት ሜትር ሽቦ ነበር።

ይህን ስንል ውድ ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በሰከንድ 1000 ሜጋ ቢት ለሚያገኝ፥ ወይም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራበት ሰፊ ቤት ላለው ይጠቅመዋል። ሠሪው የደኅንነት ማስተካከያ መላክ ያቆመበት አሮጌ ዕቃም መለወጥ አለበት፤ ለዚህ ግን መካከለኛው ይበቃል። በግቢ ማዶ ላለ ሰርቪስ ቤትም ከአንቴና ብዛት ይልቅ የተዘረጋ ሽቦ ይሻላል። መብራት ሲጠፋማ ውዱም ርካሹም እኩል ነው።

ስድስት አንቴና ያለውን ለሻጩ ልንመልስ ብንሄድ፥ ካርቶኑ ተከፍቷልና አልቀበልም አለን። አሁን ከቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ክረምትም ገብቷል፤ የወጥ ቤቱ ጣራ ማፍሰሱን አልተወም።