የላምፔ ዣንጥላ

ጀርመናዊው ባለቅኔ ሃይንሪሽ ሃይነ እ.ኤ.አ. በ1834 ስለ አገሩ ሃይማኖትና ፍልስፍና በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ስላቅ ይገኛል። ኢማኑኤል ካንት በ1781 ባሳተመው «የንጹሕ አእምሮ ሂስ» የፈጣሪን መኖርም ሆነ የነፍስን አለመሞት በማስረጃ ማጽናት እንደማይቻል ካስረዳ በኋላ፣ ሽማግሌው አሽከሩ ላምፔ ዣንጥላውን በብብቱ እንደያዘ ላቡና እንባው ባንድነት ይወርዳል፤ ጌታውም ይራራለትና በ1788 በወጣው ሁለተኛው ሂስ ፈጣሪውን ይመልስለታል።

ስላቁ ያምራል፤ ያማረን ነገር ደግሞ እውነት ነውን ብሎ የሚመረምር ጥቂት ነው። ይሁንና ካንት ከግብረ ገብ ስለሚመነጨው እምነት በዚያው በ1781ዱ መጽሐፍ ማገባደጃ ላይ ጽፎ ነበር። የላምፔ እንባ ከመፍሰሱ በፊት መልሱ ተሰናድቶ ነበር ማለት ነው።

የክርክሩ ሥር እንዲህ ነው፤ ሰው ማናቸውንም ነገር የሚያውቀው በቦታና በጊዜ ውስጥ ሲገለጥለት ነው፤ ቦታና ጊዜ ግን የሰው የማየት መንገድ እንጂ የነገሮቹ የራሳቸው ባሕርይ አይደሉም። አእምሮ ይህን ዘንግቶ ዓለም በጊዜ መጀመሪያ አላትን ወይስ የላትም ብሎ የተነሣ እንደሆነ፣ አላት የሚለውም የላትም የሚለውም ተከራካሪ እኩል ይረታል። ዳኛው የሚጠይቀው ምስክር ከቶ አይመጣም።

እንግዲህ ሜታፊዚክስ፣ ማለትም ከሚታየው ባሻገር ያለውን የሚሻው ትምህርት፣ አበቃለትን? ሄግል ወሰንን ወሰን ብሎ ማወቅ ወሰኑን መሻገር ነው ሲል ካንትን ተቃውሟል። ተቃውሞው ብርቱ ቢመስልም የቴአትር ተመልካች እንኳ ያፈርሰዋል። ተመልካቹ በመድረኩ ላይ የተዘጋ በር ያያል፤ የሚያየው ሁሉ በዚያ በር ላይ እንደሚያበቃ አሳምሮ ያውቃል፤ ከበሩ ኋላ እልፍኝ ይኑር ወይስ የአናጢ ጣውላ ብቻ፣ አያውቅም። ስለ በሩ የሚያውቀው ግን እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ ለሜታፊዚክስ የተረፈላትም ይኸው ነው፤ ጥቂትም አይደለም።

ልጁን ቀብሮ የተመለሰ አባት ግን የሚጠይቀው ስለ በሩ አይደለም። ጥያቄህ ከወሰን ያለፈ ነው ቢሉት ጥያቄው አይለቀውም። ካንትም መጽሐፉን የከፈተው አእምሮ ሊመልሳቸውም ሊተዋቸውም የማይችላቸው ጥያቄዎች እንደተጫኑበት በመግለጥ ነው። የሰውን ልጅ ሁሉ በሚመለከተው ጉዳይ ከፍተኛው ፍልስፍና ከተራው ሰው ማስተዋል አልፎ እንደማይሄድም በዚያው መጽሐፍ በግልጽ ጽፏል። ሃይነ ያላየው፣ ወይም ለስላቁ ሲል ያለፈው፣ ይህን ነው፤ በዚያ በር ፊት ጌታና አሽከር እኩል ቆመዋል።

ካንት ላምፔን ከብዙ ዓመታት አገልግሎት በኋላ በ1802 አሰናበተው። የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ የሄደው ፈላስፋ በማስታወሻው ላይ የላምፔ ስም ፈጽሞ መረሳት እንዳለበት ጻፈ።