ጎንደርን ያቃጠሉት ንጉሥ፣ ጎንደር አደባባይ ላይ

ጎንደር ፒያሳ የደረሰ ሰው የዐፄ ቴዎድሮስን ሐውልት ሳያይ አያልፍም። ባጃጁ ይዞራል፣ ወጣቶች ከሥሩ ፎቶ ይነሣሉ። እኔም ተነሥቻለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ መይሳው ቴዎድሮስን እየወደድሁ ነው ያደግሁት።

ልቤ የተረበሸው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስገባ ነው። ከጣሪያው የመላእክቱ ፊት ተደርድሮ ቁልቁል ያያል፤ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ቅንድባቸው ወፍራም ነው። አስጎብኚያችን በ1880 ዓ.ም. የሱዳኑ ደርቡሽ ሊያቃጥለው ሲመጣ ንብ እንዴት እንዳባረረው እጁን እያወናጨፈ ተረከልን። ከቅጥሩ ጥግ ወደተቀመጡ አንድ አረጋዊ ቄስ ጠጋ ብዬ ጠየቅሁ።

«አባቴ፣ ከደርቡሽ በፊትስ?»

«ከደርቡሽ በፊትማ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጥለዋል፣ ልጄ። ግን የራሳችን ንጉሥ ናቸው፤ ምን ይባላል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የሆነው ይህ ነው። በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ተስፋ የጣለባቸው አገር በ1859 አብዛኛው ሸፍቶባቸዋል። ሠራዊቱ ቀለብ ይሻል፤ ግብር የሚገባ ግን ጥቂት ነው። ከካህናቱ ጋርም የቆየ ቂም ነበረ፤ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል ብለው የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ሊቀንሱ ቢነሡ ካህናቱ እምቢ ብለዋቸዋል። በዚያ ዓመት ጎንደር ገብተው ከተማዋን አስዘረፉ። መስቀሉ፣ ጽናው፣ ብራናው ተጭኖ ወጣ፤ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናትም በእሳት ጋዩ።

«እልኽ ነው፣ አገር አንድ ለማድረግ ብለው ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አንድ የማድረግ ሕልማቸውን እኔም አከብራለሁ። ለተቃጠለው ደብር ግን ይህ መልስ አይሆንም። በመጨረሻው ምሽጋቸው መቅደላ ላይ፣ ሊሞቱ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው፣ ዳቦና ውሃ ብለው የጮኹ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞችን ገድለው ገደል አስወርውረዋል። ለእነዚያም መልስ አይሆንም። ራሳቸውን መግደላቸውን ስንዘክር እስረኞቹን የሚያነሣ ሰው ብዙ አልሰማሁም።

ከሁሉ የሚያመኝ የመጻሕፍቱ ነገር ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ድል አድርገው በዝሆንና በበቅሎ ጭነው የወሰዱት ብራና ብዙው ከጎንደር አድባራት የተጋዘ ነበር። ዛሬ ለንደን የተቀመጡት ወደ 350 የሚጠጉ መጻሕፍት ይመለሱ ስንል የመጀመሪያውን ዘረፋ እንዘለዋለን። ስለ እንግሊዝ ድምፃችን ከፍ ይላል፣ ስለ ራሳችን ንጉሥ ሲሆን እንደ ቄሱ ዝቅ እናደርጋለን።

ሐውልቱ ይነሣ አልልም፤ ይቁም። ከሥሩ ግን 1859 ዓ.ም. ተብሎ፣ ምን እንደተደረገ በግልጽ ይጻፍ። መጻሕፍቱም የተመለሱ ዕለት፣ የጎንደር ደብር ስም ያለበት ብራና አዲስ አበባ ሙዚየም መስተዋት ውስጥ አይቅር፤ ወደ ደብሩ ይሂድ።