ስለ ውፍረትና ስለ ትንፋሽ

በአገራችን «ወፈር ብለዋል፤ አምሮብዎታል» ብሎ ሰላምታ መስጠት የቈየ ልማድ ነው። ሥጋ መልበስ የጥጋብና የጌትነት ምልክት ሆኖ ስለ ኖረ፥ ሆደ ሰፊ ሰው ደረጃ ሲወጣ ቆም ብሎ ቢያለከልክ እንኳ እንደ ክብር ይቈጠርለታል። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ስለ መልክ ልንከራከር አላሰብንም፤ የምንናገረው ስለ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከሳንባ በታች፥ ደረትንና ሆድን ለይቶ እንደ ድንኳን ጣራ የተወጠረ ጡንቻ አለ። አየር በምንስብበት ጊዜ ይህ ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፥ የጎድን አጥንቶችም ይነሣሉ፤ ሳንባ የሚሰፋው በዚህ ነው። በሆድ ውስጥ ስብ ሲከማች ግን መውረጃውን ያጠብበዋል፤ በደረት ላይ የተደረበውም ስብ የጎድን አጥንቶችን ይጫናቸዋል። ስለዚህ ወፍራም ሰው ትንፋሽ በሳበ ቍጥር ሸክም ያነሣል፤ ትንፋሹም አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚል ይሆናል። ቆሞ ሳለ ሆዱ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ጥቂት ይቀለዋል፤ በጀርባው በተኛ ጊዜ ግን የሆዱ ክብደት ያንኑ ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋዋል።

አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን በሦስት ትራስ ካልተደገፉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ማንኰራፋታቸው እስከ አዳራሹ ስለሚሰማ ቤተ ሰቡ «ደኅና ተኝተዋል» እያለ ደስ ይለው ነበር። ባለቤታቸው ግን የሚፈሩት ማንኰራፋቱን ሳይሆን ዝምታውን ነበር። በጨለማ ተቀምጠው፥ ሽማግሌው ደንገጥ ብለው እንደ ገና እስኪተነፍሱ ድረስ ይቈጥሩ ነበር። በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻ ሲላላ በዙሪያው ያለው ስብ የአየሩን መተላለፊያ ይዘጋዋልና፤ ሐኪሞችም 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ የቈየውን መቋረጥ እንደ በሽታ ምልክት ይመዘግቡታል። እንዲህ ያለው ሰው ሌሊቱን ሲታገል ስለሚያድር ቀን በሥራው ወንበር ላይ ያንጐላጃል። ሰው ሰነፍ ይለዋል፤ ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም።

በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. የአሜሪካ ሐኪሞች ስለ አንድ ወፍራም የንግድ ሰው ጽፈዋል። ይህ ሰው ካርታ ሲጫወት ሦስት አስና ሁለት ንጉሥ ደርሶት፥ የሚያሸንፍበትን ካርታ በእጁ እንደ ያዘ እንቅልፍ ወሰደው። ሐኪሞቹም በእንግሊዛዊው ደራሲ በቻርልስ ዲከንስ መጽሐፍ ውስጥ ዘወትር የሚያንቀላፋውን ወፍራም ልጅ አስታውሰው፥ ሕመሙን በመጽሐፉ ስም «ፒክዊክ» አሉት። ምግቡን ቀንሰው ባከሱት ጊዜ ንቃቱ ተመለሰለት። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ በአውስትራልያ ኮሊን ሱሊቫን የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ በአፍንጫ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት አድርጎ የሚያሳድር መሣሪያ አወጡ።

ዘመዳችንም ዛሬ የሚያድሩት በዚሁ መሣሪያ ነው። ሐኪሙ ዘንድ በቀረቡ ጊዜ «እንቅልፌ ደኅና ነው» ብለው ነበር፤ የሌሊቱን ነገር የተናገሩት አብረዋቸው የሄዱት ባለቤታቸው ናቸው።